የማይለቅ ማሳከክ፦ በሴት ብልት ቆዳ ላይ የሚወጣው የፓጀት ካንሰር



ብዙ እናቶችና እህቶች በብልታቸው አካባቢ የሚሰማቸውን ማሳከክ ለማንም ሳይናገሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያሉ። ሐያእ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከሕክምና ግን አይከለክልም። ማሳከኩ አብዛኛውን ጊዜ ከፈንገስ ወይም ከችፌ የሚመጣ ቀላል ሕመም ነው። አልፎ አልፎ ግን የፓጀት በሽታ የሚባል፣ እምብዛም የማይከሰት የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1874 (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳዩን ሕመም በጡት ጫፍ ላይ ከገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ሰር ጄምስ ፓጀት ነው። ከጡት ውጭ ሲከሰት በብዛት የሚታየው በሴት ብልት ውጫዊ ቆዳ ላይ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች የወር አበባቸው የተቋረጠ፣ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው።

ምልክቶቹ

ዋናው ምልክት ማሳከክና ማቃጠል ነው። ቆዳው ይቀላል፣ በቦታ ቦታው ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ አንዳንዴ ይረጥባል ወይም ይደማል። ችፌ ስለሚመስል በቅባት ብቻ እየታከመ ረጅም ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በታዘዘ ቅባት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልተሻለ ቁስል እንደገና መመርመር አለበት።

ምርመራው

በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ሐኪሟ ቦታውን በመርፌ አደንዝዛ ትንሽ የቆዳ ናሙና ትወስዳለች፤ ናሙናው በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ በሽታው ከፊኛ፣ ከትልቁ አንጀት ወይም ከሌላ አካል ካንሰር ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ እነዚህም ይመረመራሉ።

ቀዶ ጥገናው

የተለመደው ሕክምና የታመመውን ቆዳ በዙሪያው ካለው ጤነኛ ከሚመስል ቆዳ ጋር ቆርጦ ማውጣት ነው። ይህም የሚደረገው የካንሰሩ ሕዋሳት በዓይን ከሚታየው ቅላት አልፈው ስለሚሰራጩ ነው። የተቆረጠው ሰፊ ከሆነ ክፍተቱ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። ካንሰሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሆነ የብሽሽት ዕጢዎችም ይታያሉ። ቀዶ ጥገና ለማይስማማቸው ኢሚኪሞድ የተባለ ቅባት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ።

በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ካንሰሩ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሳያልፍ ይገኛል፤ በዚህ ደረጃ ሲታከም ውጤቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በደንብ ከተቆረጠ በኋላም ተመልሶ የመምጣት ጠባይ አለው። በመሆኑም ቁስሉ ቢድንም ለዓመታት በቀጠሮ መታየት ያስፈልጋል።

እህቶች ሆይ! ሴት ሐኪም እንድታያችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ካልተገኘች ደግሞ ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን ወንድ ሐኪም ቢያይ እንደሚፈቀድ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ልጆችም እናቶቻችሁን በለሆሳስ ጠይቁ፤ አብራችኋቸውም ሂዱ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን!