ዱቄት፣ ቀለምና አክርማ

መስከረም 25 ክረምቱ ይወጣል፤ በማግስቱ መጸው ይገባል። ስንደዶና አክርማ ከየሜዳው የሚሰበሰቡትም ክረምቱ በሚወጣበት በዚህ ሰሞን ነው። ለከተማ ልጅ ግን መጸው ማለት ትምህርት ቤት፣ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ስልክ ነው።

ሰሞኑን ምሳ ላይ የስድስት ዓመቱ ልጄ «መሶብ የሚሠራው ፋብሪካ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «እንዴ! ከሣር ነው እንጂ!» ልጁ አላመነም። እኛም ገበያ ወርደን አንድ እስር ስንደዶ፣ አንድ እስር አክርማና ቀለም ገዛን።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ሌላ ቤት መሰለ። በአንድ በኩል የስንዴ ቂጣ ይቦካል፣ በሌላ በኩል አክርማ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ይነከራል። ታናሹ እስከ ክርኑ ቀልሟል። ታላቋ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ሊጡ በጣቶቿ መሃል ተጣብቆባት «እማማ፣ አልለቅ አለኝ!» ትላለች። «ዱቄት ነስንሺበት፣ ይለቅሻል» ትላታለች እናቴ። የነሰነሰችው ዱቄት ከሊጡ ይልቅ ወለሉ ላይ በዛ። ቂጣው አንድ ጎኑ አሮ ወጣ፤ ፈርፍረን በቅቤና በበርበሬ ስናሸው ግን ጨጨብሳው ከምጣዱ ዳር አላለፈም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ቢባልም እኛ በቂጣ ተወጣነው።

ከዚያ ስፌቱ ተጀመረ። ስንደዶው ውስጥ ይሆናል፤ በውኃ የራሰው አክርማ በወስፌ እየተወጋ ይጠመጠምበታል። «ስንደዶው አጥንቱ ነው፣ አክርማው ሥጋው» አለች እናቴ። ከባዱ መነሻው ነው። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ወስፌ ጨብጣ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ልጄ ዓይን ሆነቻት፤ እሷ ደግሞ እጅ። «እዚህ ጋ ውጊ። ሳብ። አይ፣ ጠበቅ አድርጊው» እየተባባሉ እስኪመሽ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ጠማማ ክብ አወጡ።

ቤቱን ለማጽዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ግን ይህ ሙያ የእናቴ እጅ ላይ ብቻ እንደነበረ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ አልተማርኩትም። ልጄ መነሻውን ባትይዝ ኖሮ በቤታችን እዚያው ያበቃ ነበር።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ቀለም የተፈላበት ድስት ወደ ምግብ አይመለስ። ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፉ። ወስፌ ሹል ነውና ትንንሾቹ ለብቻቸው አይያዙት። መጀመሪያ ቀን ሰፌድ አትጠብቁ። አያት ያላችሁ አያት ጥሩ፤ የሌላችሁም ስፌት የምትችል እናት ከሰፈር አትጠፋም። እኛ ቤት የፊታችን ቅዳሜ ሁለተኛው ዙር ይቀጥላል፤ ታናሹ አረንጓዴውን እኔ ነኝ የምነክረው ብሎ ከወዲሁ ተጣልቷል።