የክረምት በሽታ ወሬ ከየት ይጀምራል?

ቤተ ክርስቲያናችን ዘመናትን ስትከፍል ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ወራት ዘመነ ክረምት ትለዋለች። ይህ ወራት ለገበሬው የተስፋ ጊዜ ቢሆንም ለሰው ጤና ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ጎርፍ የሜዳውን እድፍ ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ጕድጓዱ ያወርዳል፤ ሰው ብርዱን ሸሽቶ በአንድ ቤት ይታፈጋል፤ ልብስ ታጥቦ ስለማይደርቅ ቅማል ይበዛል፤ ከቅማልም ተስቦና ግርሻ ይከተላሉ። ዝናሙ ሲያባራ ደግሞ ውሃ ባቆረበት ሁሉ የወባ ትንኝ ትፈላለች።

ስለ ወባ ከተነሣ የ1950 ዓ.ም. ክረምት ሊረሳ አይገባውም። በዚያ ዓመት ዝናሙ ከልክ ስላለፈ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ስለ በዛ፣ ወባ ከቆላ ወጥታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ተዛመተች። የዚያ አገር ሰው በሽታውን ያልለመደ ነበርና፣ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታምሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ከየመንደሩ የበሽተኛውን ቁጥር በየሳምንቱ ሰብስቦ የሚያስተያይ፣ ዛሬ እንዳለው ያለ አሠራር በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ዛሬ በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ጤና ጣቢያዎች ከሰኞ እስከ እሑድ ያዩትን የወባ፣ የተስቦ፣ የግርሻና የደም ተቅማጥ በሽተኛ ቆጥረው ለወረዳ ያስታውቃሉ። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉም ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያቀርባል። የወባው ቁጥር ካለፉት አምስት ዓመታት ከዚያው ሳምንት ቁጥር ጋር ይመዛዘናል፤ ከአምስቱም በብዛት ሁለተኛ የሆነውን ካለፈ ወረርሽኝ ተነሥቷል ተብሎ ይጠረጠራል። በኮሌራ ጊዜ ግን ሳምንት አይጠበቅም። አንድ ሰው እንኳ ቢጠረጠር፣ ወሬው ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ደንቡ ያዛል።

ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በሽተኛውን የደበቀ ቤት በወረዳው መዝገብ ጤነኛ ቤት ሆኖ ይቈጠራል። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ኮሌራን አባቶቻችን ፈንግል ይሉት ነበር፤ ዛሬ ስሙ ለዶሮ በሽታ ቀርቷል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ይህ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ስለ ጸበል ስንናገር በፍርሃት ነው፤ ፈዋሽነቱን እናምናለንና። ይሁን እንጂ ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሰፍሮ መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ሲያጣ በሽታው መንገድ ያገኛል፤ ይህም የሰፋሪው ጕድለት እንጂ የጸበሉ አይደለም። ከዚህም በላይ የበሽታው ምልክት የሚታየው ተሕዋሱ ከገባ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ተሳላሚው ደኅና ሆኖ ተነሥቶ ቤቱ ሲደርስ ሊታመም ይችላል።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት በአንድ መስከረም የ3ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄደን ብንጠይቅ እናቱ፣ «ብርድ መትቶት ነው፣ የኔታ» አለችን። የልጁን ዓይን መሠርጐድ፣ የከንፈሩን መድረቅ አይተን ግን የንስሓ አባቷን ይዘን ተመለስን። ለእርሳቸው እውነቱን ተናገረች። ከጸበል ከተመለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፤ ልጁን ማስመለስና ማስቀመጥ ይዞታል፤ እርሷ ግን ሰው ጸበሉን እንዳይነቅፍ ፈርታ ደብቃለች። አባም፣ «ልጄ፣ የሄድሽበትን ብትናገሪ የጸበሉ ክብር አይጐድልም። ተነሺ፣ ለጤና ሠራተኛዋ ንገሪያት» አሏት። እርሷም፣ «እሺ፣ አባቴ» ብላ ልጁን አዝላ ወጣች። ልጁ በጤና ጣቢያ ፈሳሽ ተሰጥቶት ዳነ። በማግሥቱም የጤና ሠራተኞቹ አብረዋት የተጓዙትን ቤት ለቤት ሲጠይቁ ሁለት በሽተኞች ተኝተው አገኙ፤ ከእነርሱም አንዲቱ አሮጊት አልተረፉም። የሰፈሩም ጕድጓድ በዚያው ቀን በክሎሪን ታከመ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን የሚገድለው የውሃ ማለቅ ነውና፣ እመቤቶች ይህን በቃል ቢያጠኑ መልካም ነው። ሕይወት አድን የሚባለው ዱቄት በቤት ከሌለ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው አፉ ተስተካክሎ፣ ይበጠበጣል። ለበሽተኛው በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ቢያስመልሰውም ጥቂት ቈይቶ ይደገማል። ይህም ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ፣ በመንገድም ሳሉ የሚደረግ ነው።