ኮስፕሌይ ክህደት አይደለም፦ ስለ ቻይና ወጣቶች የሚባለውና እውነታው

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በቻይናዋ ሱዡ ከተማ አንዲት ወጣት የአንድ የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ገጸ ባሕርይን መስላ ፎቶ ስትነሳ ፖሊስ ደርሶ ወሰዳት። የለበሰችው ኪሞኖ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ልብስ ነበር፤ ቦታው ደግሞ ሁዋይሃይ የሚባለው፣ በጃፓን ምግብ ቤቶቹ የታወቀው የከተማዋ ጎዳና ነው። ጥፋቷ «ጠብ መጫርና ሁከት መቀስቀስ» ተባለ። በኋላ እንደተናገረችው ለሰዓታት ተጠይቃ፣ ስልኳ ተፈትሾ፣ ልብሷም ተወርሶ ተለቀቀች። ይህን ያደረገው አንድ የተቆጣ ፖሊስ ነው ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ነገር ግን ከጀርባው በቻይና ማኅበራዊ ሚዲያ ለዓመታት ሲደጋገም የኖረ እምነት አለ፦ ኮስፕሌይ የሚያዘወትር ወጣት በመንፈሱ ጃፓናዊ ሆኗል፣ አገሩን ክዷል የሚል። የአኒሜን፣ የጌምን ወይም የፊልምን ገጸ ባሕርይ በልብስ፣ በፀጉርና በአኳኋን ስለመምሰል ከሚነገሩት የተሳሳቱ ነገሮች ሁሉ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰው ይኸኛው ነው።

እምነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ጃፓን ቻይናን ወርራለች፤ በ1937 ናንጂንግ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ያልሻረ ቁስል ነው፤ ከ2014 ጀምሮም ዲሴምበር 13 ብሔራዊ የመታሰቢያ ቀን ሆኗል። የወራሪውን ጦር የደንብ ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣት የሟቾችን ልጆችና የልጅ ልጆች ያማል፤ በዚህ አልከራከርም። ኮስፕሌይም ወደ ቻይና የገባው ከጃፓን ማንጋና አኒሜ ጋር ተያይዞ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አኒሜን መውደድ የዛሬ ልጆች ያመጡት ነገር አይደለም። የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን «አስትሮ ቦይ» የተባለውን የጃፓን አኒሜ ማሳየት የጀመረው በ1980 ነው፤ ያኔ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ያዩ ሕፃናት ዛሬ የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች ናቸው። እነርሱን አገር ከዳተኛ ያላደረገ ነገር ልጆቻቸውን የሚያደርገው በምን ምክንያት ነው?

ከሳሾቹ ዘለው የሚያልፉት ማስረጃ ደግሞ አለ። በ2020 «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» የተባለው ዝነኛ ማንጋ ለአንድ ክፉ ሐኪም «ማሩታ» የሚል ቃል ያለበት ስም አወጣለት። ክፍል 731 የተባለው የጃፓን ጦር ሙከራ ይፈጽምባቸው የነበሩ እስረኞችን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነበር። የቻይናና የኮሪያ አንባቢዎች ተቆጡ፤ ቢሊቢሊና ቴንሰንት የተባሉት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን ከመድረካቸው አወረዱ፤ የገጸ ባሕርይውም ስም ተለወጠ። አዲስ በወጣ ምዕራፍ ውስጥ ያለን እንዲህ ያለ ስም ፈጥኖ የሚያስተውለው ማንጋውን እግር በእግር የሚከታተል ሰው እንጂ ማንጋ አንብቦ የማያውቅ ወቃሽ አይደለም። ሥራውን መውደድና የአገርን ቁስል ማስታወስ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የሚለበሰውስ የማን ነው? ዛሬ በሻንጋይ ወይም በጓንግዡ አንድ ትልቅ የአኒሜ አውደ ርዕይ ላይ ብንገኝ ከሚታዩት አልባሳት ብዙዎቹ ቻይና ውስጥ ከተፈጠሩ ሥራዎች የወጡ ናቸው። የሻንጋዩ ኩባንያ ሚሆዮ በ2020 ያወጣው ጌም «ጌንሺን ኢምፓክት»፣ የቻይናን የታሪክ ሰዎች ጀግና አድርጎ የሚያጫውተው «ኦነር ኦፍ ኪንግስ»፣ በ2024 የወጣው የዝንጀሮው ንጉሥ ጌም «ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ»፣ በ2025 ሲኒማ ቤቶችን ያጨናነቀው «ነጃ 2» ሁሉም የየራሳቸው ለባሾች አሏቸው። የ«ጌንሺን» አሳሳል ከጃፓን የተቀዳ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ልክ ነው፣ የጃፓን አኒሜ አሻራ በግልጽ ይታይበታል። ግን ይህ የሚያሳየው ወጣቶቹ የተማሩትን የአሳሳል ስልት የራሳቸውን ታሪክ ለመንገር እንደተጠቀሙበት ነው። ናጎያ ውስጥ በየዓመቱ በሚካሄደው የዓለም ኮስፕሌይ ውድድር በ2017 ዋንጫውን የወሰደውም የቻይና ቡድን ነው፤ በጃፓን ምድር፣ በቻይና ስም።

እምነቱ ሲያይል ደግሞ ማንን እንደሚመታ እንኳ አያውቅም። በ2010 ቼንግዱ ውስጥ በተደረገ ፀረ ጃፓን ሰልፍ ላይ ቁጡ ወጣቶች አንዲት ልጅ ኪሞኖ ለብሳለች ብለው አስገድደው ልብሷን አስወለቁና አቃጠሉት። ልብሱ ሀንፉ፣ ማለትም የራሳቸው የሀን ሕዝብ ጥንታዊ ልብስ ነበር። አገር ወዳድነት ነው ተብሎ የአገር ልብስ በእሳት ነደደ! ይህን ካየ በኋላም ለተመልካች ቁጥር ሲል የለባሾችን ፎቶ እየለጠፈ «ከሃዲ» የሚል ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም ለማለት ይከብደኛል። በ2023 ነገሩ ወደ ሕግ ሊገባ ተቃርቦ ነበር፦ «የቻይናን ሕዝብ ስሜት የሚጎዳ» ልብስ የለበሰ ሰው እስከ 15 ቀን እንዲታሰር የሚፈቅድ ረቂቅ ቀረበ። ስሜት ተጎድቷል የሚለው ማን ነው ብለው የጠየቁት ራሳቸው የቻይና የሕግ ምሁራን ናቸው። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው አስተያየት ላከ፤ በ2024 በተሻሻለው ረቂቅም ያ ሐረግ ወጣ። ስለዚህ ክሱን ቻይናውያን ሁሉ ይስማሙበታል ማለትም ስህተት ነው።

የቀሩት እምነቶች ብዙ አያደክሙም። ኮስፕሌይ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ለሚሉ መልሱ ቅርብ ነው፦ በሻንዶንግ የጻኦ ወረዳ መንደሮች የመድረክ አልባሳትና ሀንፉ እየሰፉ፣ የሄናኗ ሹቻንግ ደግሞ ዊግ እየሠራች ይኖራሉ። ልብስ ሰፊው፣ ዊግ አስተካካዩ፣ ሜካፕ ሠሪውና ፎቶ አንሺው ከዚሁ እንጀራ ያገኛሉ። ገላን ማሳያ ሰበብ ነው የሚሉት ደግሞ ኩባንያዎች ዳስ ለማድመቅ የሚቀጥሯቸውን ሴቶች ከኮስፕሌይ ወዳጆች ጋር ያምታታሉ፤ ቻይናጆይ የተባለው የጌም አውደ ርዕይ በ2015 የቅጣት ደንብ ያወጣው በእነዚያ አለባበስ ላይ ነበር።

ትንሽ ቆም የሚያሰኘው የቅርቡ ልማድ ነው። ሴቶች በፍቅር ጌም የሚወዱትን ወንድ ገጸ ባሕርይ መስላ አብራቸው እንድትውል ሌላ ሴት ይቀጥራሉ፤ ይበላሉ፣ ይንሸራሸራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ነውር ነው የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ለአንድ ቀን ደግነትና ትኩረት ነው። ግን በኢንተርኔት ብቻ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ አብረው ሲውሉ፣ በተለይ አንዷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ከሆነች፣ የደኅንነት ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለዚህ የሚበጀው የዕድሜ ገደብ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ መገናኘትና ቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ነው።