አንጋፋን መሸኘት ብቻውን ቡድን አያድስም

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 የኒው ዮርክ ሬንጀርስ አመራሮች ለደጋፊዎቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። ቡድኑን እንደ አዲስ ልንገነባ ነው፤ የምትወዷቸው አንዳንድ ተጫዋቾችም ሊሄዱ ይችላሉ የሚል ነበር መልእክቱ። በቶሮንቶ ወይም በሚኒሶታ የሚኖር አንባቢ ከዚህ የሚነሳውን ክርክር ከሥራ ባልደረቦቹ ሳይሰማ አይቀርም፦ የሚታደስ የሆኪ ቡድን አንጋፋዎቹን ይለውጥ ወይስ ያቆይ? በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ እንደ እግር ኳሱ ክለብ ለክለብ የዝውውር ገንዘብ አይከፍልም። ተጫዋች የሚለወጠው በሌላ ተጫዋች ወይም በድራፍት፣ ማለትም ወጣቶችን በየተራ በመምረጥ መብት ነው። ብዙው የተሳሳተ እምነት የሚመነጨው ይህን ካለማጤን ይመስለኛል።

ተረት፦ መታደስ ማለት አንጋፋዎቹን በሙሉ መሸኘት ነው።

ቡፋሎ ይህን መንገድ ሞክሮታል። ከ2011 የጥሎ ማለፍ ውድድር በኋላ ለ14 ተከታታይ የውድድር ዘመናት እስከ 2025 ድረስ ወደዚያ አልተመለሰም፤ በሊጉ ታሪክ ከዚህ የረዘመ ድርቅ የለም። በ2018 ክረምት የ27 ዓመቱን ራያን ኦራይሊን ለሴንት ልዊስ ሰጠ። ኦራይሊ ዓመት ሳይሞላው የስታንሊ ዋንጫን አነሳ፤ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተመረጠ። እውነቱን ለመናገር ቡፋሎ ባዶ እጁን አልቀረም፤ በልውውጡ ያገኘው ቴጅ ቶምፕሰን በ2022-23 አርባ ሰባት ጎል አስቆጥሯል። እዚያ ለመድረስ ግን ዓመታት ወሰደበት፤ በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ ወጣቶቹን የሚሸከምለት በቂ ሰው አልነበረውም።

ሬንጀርስ በተቃራኒው መርጦ ነው የሸኘው። በ2020 አጥቂው ክሪስ ክራይደር ውሉ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ሁሉም ይለወጣል ብሎ ጠበቀ። ክለቡ ግን የሰባት ዓመት ውል አስፈረመው። ከሁለት ዓመት በኋላ 52 ጎል አስቆጠረ፤ ቡድኑም የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ላይ ደረሰ።

ተረት፦ ትልቅ ስም ትልቅ ምላሽ ያመጣል።

የሬንጀርስን ሁለት ልውውጦች ጎን ለጎን እንያቸው። ደብዳቤው በወጣበት ወር ውሉ ሊያልቅ የነበረው የ33 ዓመቱ ሪክ ናሽ ወደ ቦስተን ሄደ። በማግስቱ አምበሉ ራያን ማክዶናህ ከጄቲ ሚለር ጋር ወደ ታምፓ ቤይ ተላከ። ከሁለቱ ትልቁ ይህ ሁለተኛው ልውውጥ ነበር፤ ሦስት ተጫዋቾችና የምርጫ መብቶች ተገኙበት፤ አንዳቸውም ግን በኒው ዮርክ ሥር አልሰደዱም። ናሽ በቦስተን ጥቂት ወራት ተጫውቶ በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ጫማውን ሰቀለ። በእሱ ምትክ የመጣው ወጣት ተከላካይ ራያን ሊንድግሬን የኮከቡ የአዳም ፎክስ ጥንድ ሆነ። ከቦስተን የተገኘው 26ኛ ምርጫም ሌላ መብት ታክሎበት ወደ 22ኛ ከፍ አለና ኬአንድሬ ሚለር ተመረጠበት። ማክዶናህ በበኩሉ በታምፓ ሁለት ዋንጫ አነሳ፤ በ2022ቱ የምድብ ፍጻሜ ሬንጀርስን ያሰናበተውም የእሱ ቡድን ነው።

ትልቅ ስም ትልቅ ምላሽ የማያመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንጋፋን የሚፈልገው ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ነው፤ በድራፍት ጠንካራ ቡድን ዘግይቶ ስለሚመርጥ ደግሞ የዚያ ቡድን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ወደ መጨረሻው ነው የሚወድቀው። ካልጋሪ በ2013 ለክለቡ 525 ጎል ያስቆጠረውን ጃሮም ኢጊንላን ለፒትስበርግ ሲሰጥ ያገኘው የመጀመሪያ ዙር መብት 28ኛ ሆነ። በዚያ የተመረጠው ልጅ በኤንኤችኤል አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ከዕድሜው በፊት መታየት ያለበት ውሉ መቼ እንደሚያልቅና ቡድኑ ሲነሳ ተጫዋቹ ምን አቅም እንደሚኖረው ነው። ናሽ ሊቆይ አይችልም ነበር፤ የ28 ዓመቱ ማክዶናህ ግን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ ክለቡ ከፈለገ አንጋፋውን ወደፈለገበት ይልከዋል።

አይችልም። ብዙ አንጋፋዎች ያለፈቃዳቸው እንዳይለወጡ በውላቸው ያስጽፋሉ። ፓትሪክ ኬን በ2023 ከቺካጎ ሲወጣ የመረጠው ሬንጀርስን ብቻ ነበር፤ ሦስት ዋንጫ ላመጣ ኮከብ ቺካጎ ያገኘው በዋናነት የሁለተኛና የአራተኛ ዙር መብት ነው።

ተረት፦ አንጋፋ ካለ ቡድኑ በበቂ አይሸነፍም፤ አንደኛ ምርጫም ያመልጠዋል።

አንደኛ ምርጫ የሚወሰነው በዕጣ ነው። የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ቡድን እንኳ ዕድሉ 25.5 በመቶ ብቻ ነው። በ2020 ዕጣው የወጣለት ሬንጀርስ በዚያው ክረምት በማጣሪያው ዙር በካሮላይና ተሸንፎ የወጣ እንጂ መጨረሻ የሆነ ቡድን አልነበረም።

የተመረጠው ልጅ ደግሞ ሰው ያስፈልገዋል። የ2024ቱ አንደኛ ምርጫ ማክሊን ሰለብሪኒ በሳን ሆዜ የመጀመሪያ ዘመኑን ያሳለፈው በቀድሞው ኮከብ በጆ ቶርንተን ቤት እየኖረ ነው። ቺካጎም ኮነር ቤዳርድን ሊመርጥ ሲል አንጋፋውን ኒክ ፎሊኞን ያስመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ማቆየትም ቢሆን ጊዜ አለው። ክራይደር በ2025 ጁን፣ በ34 ዓመቱ፣ ሁለት ዓመት ውል እየቀረው ወደ አናሃይም ተለወጠ። ሬንጀርስ በምትኩ አንድ ወጣት ተጫዋች አገኘ፤ የአራተኛ ዙር መብቱንም በሦስተኛ ዙር ቀየረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊጉ ለቡድኖች ከሚወስነው የደመወዝ ጣሪያ ላይ በዓመት 6.5 ሚሊዮን ዶላር ቦታ ተለቀቀለት።