የካምፓላ ወደብና የእምቦጭ አረም

ከኦልድ ካምፓላ ኮረብታ ግርጌ ናኪቩቦ የሚባል ቦይ ያልፋል። ኮረብታው የእንግሊዙ ካፒቴን ሉጋርድ በ1890 ዓ.ም. ምሽጉን የሠራበትና የዛሬው ከተማ የተጀመረበት ሥፍራ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ አሁን በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኡጋንዳ ብሔራዊ መስጊድ ቆሞበታል። ቦዩ የክረምቱን ጐርፍ፥ የገበያውን ጥራጊ፥ የጋራዡንና የመኖሪያ ቤቱን እጣቢ እየሰበሰበ በኦዊኖ ገበያ አጠገብ ይወርድና ከከተማው በታች ወዳለው ረግረግ ይገባል፤ ከረግረጉም ወጥቶ መርቺሰን በተባለው ወሽመጥ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ጋር ይቀላቀላል። የካምፓላ ወደብ ፖርት ቤልም፥ ለከተማው የሚጠጣውን ውሃ የሚያጣራው የጋባ ጣቢያም የሚገኙት በዚሁ ወሽመጥ አካባቢ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ላይ ስለ በቀለው አረም የሚመክር ሰው ነገሩን ከዚህ ቦይ ቢጀምር አይሳሳትም።

አረሙ በእኛ አገር እምቦጭ የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ ሐምራዊ አበባው ስላማረ ብቻ የአትክልት ወዳጆች ከአገር ወደ አገር አዛውረውታል። አበባውን ያየ ሁሉ ጌጥ እንጂ ጠላት ነው ብሎ አልጠረጠረውም። በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ መታየቱ የታወቀው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያም በ1965 ዓ.ም. በቆቃ ሐይቅ ላይ መገኘቱ ተመዝግቧል። ኡጋንዳ በ1988 ዓ.ም. በኪዮጋ ሐይቅ፥ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ አገኘችው። ከሩዋንዳ ተራሮች የሚወርደው የካጌራ ወንዝም ጓዙን ሳያቋርጥ ያመላልስለት ነበር።

የአረሙ ኃይል በመራባቱ ላይ ነው። ውሃው ሲመቸው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ይቆያል። በአንድ ሄክታር ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል ክብደቱ ከ200 ቶን በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚህም ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ ውሃ ነው። እንግዲህ አረሙን በመኪና አስወጣለሁ የሚል መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ገንዘቡን የሚከፍለው ውሃን ከውሃ አውጥቶ ወደ ደረቅ መሬት ለማጓጓዝ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ፖርት ቤል ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ ገዢ ከሰር ሄስኬት ቤል ነው። የባቡር ፉርጎዎች ከነጭነታቸው በመርከብ ላይ ተጭነው ወደ ኬንያው ኪሱሙና ወደ ታንዛኒያው ምዋንዛ የሚሻገሩት ከዚህ ነበር። ባሕር የሌለው አገር ነጋዴ እንዲህ ያለውን የውሃ በር እንዴት እንደሚመለከተው የወደብ አገር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነፋሱ ከሐይቁ መካከል እየነዳ ያመጣው አረንጓዴ ምንጣፍ ይህንን በር ይዘጋው ጀመር፤ መርከብ ወደ ማረፊያው ለመድረስ ተቸገረ፤ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ማስወጣትም ማስገባትም አቃተው፤ ያጠመደውም ዓሣ መንገድ ላይ ተበላሸ። በጂንጃ፥ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ በ1954 ዓ.ም. የመረቁት የኦዌን ፏፏቴ የኤሌክትሪክ ግድብ በአረሙ ተከበበ። በአረሙ ሥር በተኛው ውሃ ውስጥ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ተመቻችቶ ተራባ።

የኡጋንዳ መንግሥት በመጀመሪያ የያዘው መንገድ ሁሉም መንግሥት የሚይዘውን ነው፤ የዳርቻው ሕዝብ በገጀራና በእጅ እንዲነቅል አደረገ፥ በፖርት ቤልና በግድቡ አፍ ላይም የማጨጃ መኪናዎችን አሠማራ። መኪናው ለወደብና ለግድብ የግድ ያስፈልጋል፤ መርከብ እየጠበቀ፥ መብራት እየጠፋ ሌላውን መድኃኒት በትዕግሥት የሚጠብቅ የለምና። ነገር ግን መኪናው ዛሬ የጠረገውን ነፋሱ ነገ ይመልሰዋል። አረሙን በመርዝ እናጥፋው የሚል አሳብም ቀርቦ ብዙ አከራክሯል። ከሐይቁ የሚጠጣ ሕዝብና ዓሣውን ለአውሮፓ የሚሸጥ ነጋዴ መርዝ የሚለውን ቃል በቀላሉ አይሰሙትም። በ1999 ዓ.ም. አንዳንድ ሰዎች ዓሣ በፀረ ተባይ መርዝ ያጠምዳሉ ተብሎ የአውሮፓ ኅብረት የቪክቶሪያን ዓሣ ባገደ ጊዜ የደረሰው ኪሣራ ይህ ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑን አሳይቷል።

ከሁሉ የበለጠውን ሥራ የሠሩት ከእህል ነቀዝ ጋር የሚዛመዱ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ጢንዚዛዎች ናቸው። ርዝመታቸው ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ የተገኙትም ከአረሙ የትውልድ አገር ነው። ትልቁ ጢንዚዛ ቅጠሉን ይግጣል፤ ዕጩ ደግሞ የቅጠሉን ዘንግ እየሰረሰረ ወደ ልቡ ይገባል፤ በቀዳዳው ውሃ ይገባና ተክሉ እየበሰበሰ ይሰጥማል። ከእምቦጭ በቀር ሌላ ሰብል እንደማይነኩ አስቀድሞ ስለ ተፈተነ፥ በምርምር ጣቢያ ተራብተው በ1995 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተለቀቁ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1998 ዓ.ም. አረሙ በአብዛኛው ሥፍራ ወደቀ። ሊቃውንቱ ግን እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ድሉን ለጢንዚዛው ሲሰጡ፥ ሌሎቹ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የጣለውን ከባድ ዝናብና ምንጣፉን የበጣጠሰውን ማዕበል ይጠቅሳሉ። የሚያሳምነው ሁለቱም አብረው ሠርተዋል የሚለው ነው፤ በጢንዚዛ የተበላ ተክል ማዕበልን ሊቋቋም አይችልምና። ያም ሆነ ይህ፥ ሦስት ዓመት መጠበቅ በየዓመቱ በጀት ለሚያቀርብ ሹም ቀላል ነገር አይደለም።

አረሙ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ኪዮጋንም ከጥፋት አላዳነውም፤ በዚያው የዝናብ ዘመን ተንሳፋፊው አረምና ደንገል የሐይቁን መውጫ ዘግቶ በዳርቻው ያሉትን ቤቶችና ገበያዎች አጥለቅልቋል። በ2020 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ደግሞ የቪክቶሪያ ውሃ ከፍ ብሎ ሳለ፥ ከዳርቻ የተገነጠለ ተንሳፋፊ ደሴት በጂንጃ ወደሚገኙት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ገብቶ መላውን ኡጋንዳ ለሰዓቶች ያህል መብራት አሳጣት። ይህ ደሴት እምቦጭ ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ደንገልና ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ የተነቀለበት ነበር።

ደንገል በሥፍራው ሲቆም ግን ጠላት አይደለም። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ይህ ተክል በናኪቩቦ ረግረግ ውስጥ ከቦዩ የሚመጣውን እጣቢ እየመጠጠ ለሐይቁ ያጣራ ነበር። እምቦጭ የሚሰባው ረግረጉ ባስቀረው በዚያው ምግብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተደረገ ጥናት ይህ ረግረግ ለከተማው የሚሰጠውን አገልግሎት በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶታል። ይህን ያህል ሥራ ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ረግረግ ግን የከተማው ሰው አፈር እየሞላ ፋብሪካና መጋዘን ሠራበት፤ በቀረውም ላይ ጎደሬ ተከለበት። ንጉሥ ምዋንጋ በ1880ዎቹ ዓመታት ቤተ መንግሥታቸውን ከቪክቶሪያ ጋር በውሃ መንገድ ሊያገናኙ አስበው በሜንጎ አጠገብ ሐይቅ አስቆፍረው ነበር፤ አሳባቸው ሳይፈጸም ቀረ። እርሳቸው ያላገናኙትን ኮረብታና ሐይቅ የከተማው እጣቢ አገናኝቶታል።

በቡጎሎቢ በቀን 45,000 ሜትር ኩብ እጣቢ ለማጣራት የሚችል አዲስ ጣቢያ መሠራቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያው የሚያጣራው በቧንቧ የደረሰለትን ነው። ቧንቧ ከሌላቸው ሠፈሮች ዝናቡ ጠርጎ በክፍቱ ቦይ የሚያወርደው አሁንም ወደ ወሽመጡ ይገባል። ከአረሙ ወንበር፥ ቅርጫትና ማዳበሪያ ሠርቶ መሸጥ መፍትሔ ነው የሚሉም አሉ፤ ለችግረኛ ሰው የዕለት እንጀራ ይሆነው ይሆናል፤ ሆኖም ትርፉን ከአረሙ የሚያገኝ ሰው የአረሙን መጥፋት አይመኝም።

የኡጋንዳ ልምድ ወደ ኢትዮጵያም ተሻግሯል። በ2011 ዓ.ም. እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ገበሬው በእጁ ሲነቅል፥ የማጨጃ መኪናም ሲመጣ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሁለቱን ጢንዚዛዎች ያስመጡትና ያጠኑትም ከኡጋንዳ ነው። የመገጭ፥ የርብና የጉማራ ወንዞች ግን ክረምት በገባ ቁጥር ከደምቢያና ከፎገራ ማሳ የታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ወደ ጣና መግባታቸውን አላቋረጡም።