የዱብሉቅ ጕድጓድና የእናቶች ሰላም

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው ዱብሉቅ ስሟ የታወቀው፥ ዘጠኙ ቱላ ከሚባሉት ከቦረና ጥንታውያን የውኃ ጕድጓዶች አንዱ የሚገኝባት ስለ ሆነች ነው። ከነዚህ ጕድጓዶች እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። በጥንቱ ልማድ ውኃው የሚወጣው በሰው እጅ ነው፤ ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ በመሰላል ቆመው፥ በዜማ ባልዲውን እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያደርሱታል፤ ከብቱም ተቆፍሮ በተሠራለት ቍልቍለት ወርዶ ይጠጣል።

ከመሰላሉ ላይ አንድ ሰው ቢጎድል ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ የተጣላም ሰው ከባላጋራው እጅ ባልዲ ለመቀበል አይወድም። እንግዲህ ቦረናዎች ናጋ የሚሉት ሰላም በሸንጎ የሚነገር ቃል ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራቸው መሣሪያ ነው። ጕድጓዱ ኮንፊ የሚባል ባለመብት ቢኖረውም፥ የማጠጣቱን ተራ የሚጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። ለተጠማ ሰው የሚጠጣውን ውኃ መከልከል ግን በማንም ዘንድ ነውር ነው።

ቦረና ከጉጂ፣ ከገብራ ወይም ከገሪ ጋር በተጣላ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ቤት ነው። ወንዱ ከብቱን ይዞ ሲሸሽ፥ ሴቲቱ ወተቷን በጮጮ ይዛ የምትሄድበት ገበያ ይዘጋባታል፤ ልጆቿም ያለ እህል ያድራሉ።

ከሞያሌ ማዶ በኬንያ ባለችው በዋጂር ሰላሙ የተጀመረው ከገበያ ነው። በ1984 ዓ.ም. ገደማ ጎሣዎች ሲጋደሉ፥ ዴካ ኢብራሂም አብዲ የተባለች ወይዘሮ የበኵር ልጇን ይዛ ከአልጋ ሥር ትደበቅ ነበር። እናቷም በሕፃንነቷ እርሷን እንዲሁ ከአልጋ ሥር ሸሽጋት እንደ ነበር ነገረቻት። ይህን በሰማች ጊዜ ልጇ ደግሞ በተራዋ ልጅ ይዛ እንዳትደበቅ ቈረጠች፤ ከሌሎች ሴቶችም ጋር ሆና፥ የየትኛውም ጎሣ ሴት በገበያው ያለ ክልከላ እንድትሸጥና እንድትገዛ ማድረግ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹና ጐበዞቹ ገቡበት፤ በመስከረም 1986 ዓ.ም. አል ፈታሕ የተባለው ስምምነት ተደረገ። በዚያው አገር ከዓመታት በኋላ በሞዶጋሼ በወጣው ደንብ ለወንድ ደም 100 ከብት፥ ለሴት ደም 50 ከብት ካሣ ተወሰነ። ገበያውን የከፈቱት እነማን እንደ ነበሩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ስሌት አያስደስትም፤ እኛንም አላስደሰተንም።

በኢየሩሳሌም ምድርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ይስሐቅ ፍራንከንታል የተባለ እስራኤላዊ በ1986 ዓ.ም. ልጁ ከተገደለበት በኋላ፥ በማግሥቱ ዓመት የሟቾች ቤተሰቦች የሚገናኙበትን ማኅበር መሠረተ። ዛሬ ከ600 የሚበልጡ የእስራኤልና የፍልስጥኤም ሐዘንተኛ ቤተሰቦች በማኅበሩ አሉ። ጦርነቱን ግን ሊያስቀሩት አልቻሉም።

በእኛም ቆላ ቦረና፣ ገብራና ጉጂ በ2001 ዓ.ም. ገደማ በነገሌ ታርቀው ነበር። መርሲ ኮር የተባለው የረድኤት ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ በ2003ቱ ድርቅ በሰላሙ ሥራ የተካፈሉት ሰዎች ወደ ጎረቤት ግጦሽና ውኃ ለመዛወር ከሌሎቹ ይልቅ ነፃነት እንደ ነበራቸው ገልጧል። በድርቅ ጊዜ ይህ ነፃነት የላሚቱ ሕይወት ነው፤ ላሚቱም የሕፃኑ ወተት ናት።

የሽማግሌዎቹ እርቅ ግን ሁሉን አይችልም። በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ባሉ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣው ጠብ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ይህን ጠብ በጕድጓድ አፍ የሚደረግ ሸንጎ ብቻውን ሊያበርደው አይቻለውም፤ ወሰኑ የሚቈረጠው በጽሕፈት ቤት ነውና። ወሰን የሚቈርጠው ሹም ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት በየጕድጓዱ የማጠጫ ተራ የማን የማን እንደ ሆነ፥ የወተት ሻጮቹም መንገድ በየት እንደሚያልፍ ቢጠይቅ፥ አባ ሄሬጋውም ሴቶቹም ሊነግሩት ይችላሉ።