ድምፃዊ የሌለበት ካሴት

መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሙዚቃ የማይሰማበት ሰዓት ጥቂት ነው። ዛላው ከመኪና ሲወርድ፣ ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ነጋዴና ደላላ ዋጋ ሲከራከሩ፣ ከአንዱ ሱቅ ራዲዮ ከሌላው ቴፕ ይሰማል። ዛሬ ነገሩ ፍላሽና ስልክ ሆነ እንጂ በካሴት ዘመን መርካቶ የሙዚቃም ጅምላ ማከፋፈያ ነበረች። ሸቀጥ ሊያነሳ የመጣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ አውቶቡስ ተራ ከመግባቱ በፊት አዲስ የወጣውን ካሴት ገዝቶ ይሄዳል። ሽፋኑ ላይ የሚያየው ፎቶ የድምፃዊው ነው። ኦርጋኑን የተጫወተው፣ ሳክስፎኑን የነፋው፣ ዜማውን ያቀናበረው ሰው ስሙ ከተጻፈም ከታች በደቃቅ ፊደል ነው።

አንድ ዓይነት ካሴት ግን ከዚህ ልማድ ይወጣል፤ እኛ «ክላሲካል» የምንለው፣ ግጥም የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራው። በካፌው፣ በሆቴሉ፣ በራዲዮ ፕሮግራሞች መሀል ሰምተነው አድገናል። ዜማውን ሁላችንም እናንጎራጉረዋለን፤ የተጫወተውን ሰው ስም የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ከሁሉ አስቀድሜ ማስተዋወቅ የምፈልገው ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ነው።

ጋሽ ኃይሉ በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በ10 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። በ14 ዓመታቸው ትምህርት ትተው የጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ሲቀጠሩ ኖታ ማንበብና መጻፍ ተማሩ። አኮርዲዮንን ግን ያስተማራቸው የለም፤ በራሳቸው ነው የለመዱት። ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላም አኮርዲዮናቸውን ይዘው በየክፍለ ሀገሩ ምሽት ቤቶች እየዞሩ፣ እየዘፈኑም እየተጫወቱም ኖሩ። ያ ዘመን ለአጨዋወታቸው መሠረት የሆነ ይመስለኛል። ድምፅ ማጉያ በሌለበት ቤት ብቻውን ሕዝብ የሚያዝናና ሰው ዜማውንም አጃቢውንም ምቱንም በሁለት እጁ መሸከም አለበት። በኋላ በትልልቅ መድረኮች ላይ የታየው ችሎታ፣ አንድ ሰው ሆኖ ብዙ መሣሪያ የመሆን ችሎታ፣ ከዚያ የመጣ ነው።

አኮርዲዮን ወናፍ አለው፤ አየር ሲገባና ሲወጣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። አንቺሆዬ ወይም ትዝታ ሲጫወቱበት ኖታው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ኃይሉ ወደ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲሻገሩ ይህን ይዘው ተሻገሩ። ኦርጋን ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ድምፁ አይሞትም፤ ስለዚህ የድምፃዊን ረጅም እንጉርጉሮ ተክቶ መያዝ ይችላል። ቀኙ እጅ ዘፋኙ የሚያወጣውን ዜማ ከነቅላጼው ያወጣል፣ ግራው ከሥር ይሞላል። በዚህ ዘዴ ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ያለ ግጥም ሲጫወት አይጎድልም። አድማጩ ቃሉን በሆዱ ይሞላዋል።

ጋሽ ኃይሉ ኦርጋን የተጫወቱበት ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም አብዛኛው ሙዚቀኛ ወይ የመንግሥት ኦርኬስትራ ሠራተኛ ወይ የምሽት ቤት ባለቤት ቅጥር ነበር። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው በራሳቸው ስም መዋዋል ጀመሩ። ይህ ለሙዚቀኛው ሙያ ከማንኛውም ዘፈን ያላነሰ ትልቅ እርምጃ ነው። ሂልተን ሆቴል ገብተው አስር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቤታቸው አደረጉት። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀ ጊዜ ታዳሚው ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም ነበርና በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። አንድ ባንድ በየሌሊቱ ያን ያህል ሰዓት አብሮ ሲጫወት አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል፤ በቅጂዎቻቸው ውስጥ የሚሰማው መግባባት የዚያ ፍሬ ነው።

በ1975 «ትዝታ» የተባለው ካሴታቸው ወጣ፤ መሪው ድምፅ ኦርጋን ነው። በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የታተመው «ቸ በለው» ተከተለ። በዚህ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ በቪብራፎን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን አሉበት። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት»ም ከዚሁ ነው፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ባንዶች ተደጋግሞ ይጫወታል። በ1978 ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ከባንዳቸው ወጣ ብለው የግዮን ሆቴሉን ዳህላክ ባንድ ይዘው «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል። ዋልያሶች ኮስተር ያሉ ናቸው፤ ከዳህላክ ጋር ግን ኦርጋኑ ፈታ ይላል፣ ይጫወታል በእውነተኛ ትርጉሙ። በግሌ የማዳላው ለዚህኛው ነው።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አራቱ፣ ጋሽ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ፣ በዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ተመለሱ። ባንዱ በዚህ ተከፈለ። የስደት ኑሮ ሙዚቀኛን እንዴት እንደሚበትን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ግርማ በየነ፣ ያን ሁሉ ዜማ ያቀናበረው ሰው፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል፤ የራሱ አልበም በፈረንሳዩ አካሌ ዉቤ ባንድ አጃቢነት የወጣው በ2017 ነው።

ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ከጓደኞቻቸው ጋር ዙላ ባንድን አቋቋሙ፤ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። በ1985 ደግሞ ብቻቸውን አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና የከበሮ ማሽን እያነባበሩ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጹ። ባንድ የለም፤ ባንዱ እሳቸው ናቸው። የልጅነት አኮርዲዮናቸው ከአዲሱ ማሽን ድምፅ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ነገር፣ አገር ቤት እያለ የሚያውቀውን ዜማ ርቆ ሲሰማው የሚያስብ ሰው ስሜት አለበት። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፣ ተወደደም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዙላ ባንድ አበቃ፤ ጋሽ ኃይሉም በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሾፌር ሆኑ። ስለዚህ ዘመን ሲወራ ብዙ ሰው «የተረሳ አርቲስት» ይላል፤ እኔ አልስማማም። ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳያጨበጭብለት ጣቱን በየቀኑ የሚያሠራ ሰው ሥራውን አላቆመም።

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ ባሕር ዳር የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት አገኘ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ ድርጅቱ በ2013 እንደገና አወጣው፤ «ቸ በለው»፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»ና «ትዝታ»ም ተከተሉ። ካሴት ከመርካቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድበት ያ የንግድ መንገድ ባይኖር ኖሮ ሥራው ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አይጠብቅም ነበር። በመዝገብ ቤት ያልተቀመጠውን የሙዚቃ ታሪካችንን ያቆየው ቸርቻሪ ነው፤ ለዚህ ምስጋናችን እስከዛሬ አልደረሰውም።

ጋሽ ኃይሉ ሰባኛ ዓመታቸውን በሚጠጉበት ዕድሜ ወደ መድረክ ተመለሱ። የ2018ቱ አልበም «ላላ በሉ» ከአውስትራሊያዊው ከበሮ መቺ ቶኒ በክና ከአገሩ ልጅ ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር የተሠራ ነው። ቶኒ በክ ዘ ኔክስ በተባለው የሲድኒ ባንድ ከ1987 ጀምሮ ከሁለት ባልደረቦቹ ሳይለይ የሚጫወት ሰው ነው፤ በአንድ ባንድ ውስጥ መርጋት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከበሮው የእኛን ምት ለመኮረጅ አይሞክርም፤ ለኦርጋኑ ቦታ ይተውለታል። የአልበሙ የመጨረሻ ዜማ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን ፒያኖ ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም የለበትም። በ2020 የወጣው አልበም «የኔ ምርጫ» ከአስናቀች ወርቁ «ባይኔ ላይ ይሄዳል» እስከ ቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ይዘልቃል። ያ የ1970ዎቹ አድማጭ ያወቀው ዘዴ፣ ዘፋኙን አስወጥቶ ዜማውን ማስቀረት፣ በወጣቱ ዘፈንም ላይ እንደሚሠራ ያሳያል።

አሁን መስማት ለሚጀምር ሰው ቅደም ተከተሉን ልምከር፦ መጀመሪያ «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ ቀጥሎ «ሸሞንሟናዬ»፣ ከዚያ «የፍቅር እንጉርጉሮ»። በመጀመሪያው ሙሉ ባንድ፣ በሁለተኛው አንድ ሰውና ማሽኖቹ፣ በሦስተኛው አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ ይሰማሉ።